ሲቪውን ተዉት፣ መጀመሪያ ለአክስቴ አስረዷት

እሱ፦ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬም ከደሴ ነን። ርዕሳችን ለአዲስ ተመራቂዎች ነው፤ ሲቪ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ኢንተርቪው። በሲቪ እንጀምር አይደል?

እሷ፦ ቆይ፣ ሲቪው ይቆይ። የኮምቦልቻዋን አክስቴን ሳላወራ አልጀምርም።

እሱ፦ መጡ በቃ! ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ስናወራም እሳቸው ነበሩ።

እሷ፦ ይኸው ዛሬም አለች! ታናሽ እህቴ አካውንቲንግ ጨርሳለች። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራት፣ ጠዋት 2፡30 ተገኚ ብሎ። ከዚህ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ታውቀዋለህ።

እሱ፦ ጉም ከወረደማ!

እሷ፦ አዎ፣ መኪናው መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ዋዜማውን ሄዳ አክስቴ ጋ አደረች። ማታ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አክስቴ «ነገ ምን ብለው ነው የሚጠይቁሽ?» አለቻት። እህቴ «ራስሽን አስተዋውቂ ይሉኛል» አለችና በቃሏ የያዘችውን እንግሊዝኛ አንበለበለችው፤ ሃርድ ወርኪንግ ነኝ፣ ቲም ፕሌየር ነኝ፣ ምናምን።

እሱ፦ ሁሉም የሚለው እኮ ነው።

እሷ፦ አክስቴም እሱን አለቻት! «ኸረ ይሄን ማንም ይለዋል፣ አንቺ ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» እህቴ ተማሪ ሆና አፓረንትሺፕ፣ ማለት የተግባር ልምምድ፣ የወጣችበት ቢሮ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ትሠራ ነበር። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለቻት። አሁን ማስረዳት መጣ።

እሱ፦ ለጎረቤቱ ሁሉ?

እሷ፦ ለጎረቤቱ ሁሉ! «ወር ሲያልቅ የቢሮው መዝገብና የባንኩ ወረቀት አይገጥሙም። ቢሮው ቼክ ጽፎ ሰጥቷል፣ ሰውየው ገና ሄዶ አልመነዘረውም። ባንኩ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል፣ ቢሮው ገና አልመዘገበውም። እኔ አንድ በአንድ እያመሳከርኩ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አገኛለሁ» አለች። አክስቴ የእቁብ ሰብሳቢ ናት፣ ወዲያው ገባት። «ለካ እኛም ዕጣ ስናወጣ የምንተሳሰበው ነው! በቃ ነገ እንዲህ በያቸው» አለቻት።

እሱ፦ ማሻአላህ! እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የወደድኩት።

እሷ፦ በማግስቱ ሦስት ሰው ተቀምጦ ይጠይቃታል። አንደኛው «የሠራሽውን ንገሪኝ» አላት፣ ማታ ያለችውን አለች። ከዚያ በቃ ጥያቄው ሁሉ በእሱ ላይ ሆነ፤ ቼኩ ለወራት ሳይመነዘር ቢቀር ምን ታደርጊያለሽ? ልዩነቱን ብታጪው ለማን ትነግሪያለሽ? የራሷን ሥራ ነው የሚጠይቋት፣ ስለዚህ አልፈራችም። እኔ ለተመራቂ የምለው ይሄን ነው፤ ሙያህን የማያውቅ ሰው ፊት ቁጭ በልና የሠራኸውን ድምፅህን አውጥተህ አስረዳ። መስታወት ፊት አይደለም፣ መስታወት «እሱ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

እሱ፦ ተቀጠረች?

እሷ፦ ተጠባባቂ ያዟት።

እሱ፦ ይኸውልሽ! እኔም የምለው ይሄን ነው። የፈለገውን ያህል ብትዘጋጂ ሰው ከሌለሽ...

እሷ፦ አይ! እሱን አትበል። በዘመድ የሚያልቅ ቦታ የለም አልልም፣ አለ፣ ያናድደኛልም። ግን ልጆቹ ይሄን ሰምተው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። ለእህቴ በኋላ ከዚያው ቤት ተደወለላት፣ የተመረጠው ሰው ሲለቅ። ማን ነበራት? ማንም።

እሱ፦ እሺ፣ እሷ ጋ ሠርቷል። ሁሉም ጋ ግን አይሠራም።

እሷ፦ ሁሉም ጋ አልኩ እንዴ? አመልክቱ ነው ያልኩት።

እሱ፦ እንዳልሽ ይሁን። አሁን ወደ ሲቪው...

እሷ፦ ሲቪ ሁለት ገጽ አይለፍ፣ አፓረንትሺፑ ላይ የሠራችሁትን በግልጽ ጻፉ። ይኸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪው)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝሩ)፣ መታወቂያ፣ ኦርጅናልና ኮፒ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣችሁበትን ውጤት አብራችሁ ያዙ። ሁሉንም በፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ማስታወቂያው «በ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ሲል የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኮፒ ቤቱ ወረፋ ነው።

እሱ፦ ሁለት ዓመት ልምድ የሚለው ላይስ? እኔ ዜሮ ዓመት ብቻ ፈልጉ ባይ ነኝ። ለመንግሥት ቦታ በተለይ፣ ምዝገባው ላይ ነው የሚመልሱህ።

እሷ፦ ለመንግሥት ልክ ነህ። ለግል ድርጅት ግን እኔ እልካለሁ፣ ጠይቆ የሚወስድ አለ።

እሱ፦ እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

እሷ፦ ይምሰልህ፣ እኔ እልካለሁ! ደግሞ ግል ድርጅት ከገባችሁ የሙከራ ጊዜውን ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስድስት ወር ሙከራ ነሽ የሚሏት ልጅ አውቃለሁ፣ ዝም ብላ ትሠራለች፣ እሱ ያንገበግበኛል።

እሱ፦ እሱንማ ሙሉ ክፍል እንሥራበት። የደመወዝ ድርድሩንም እዚያው እናነሳዋለን፣ ዛሬ አልደረስንበትም።

እሷ፦ እሺ፣ የውል ወረቀት ያላችሁ ስማችሁን ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልን፣ እሱን ይዘን እናወራለን።