የውሻችሁን አፍንጫ እመኑት

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እናንተም ወላጆቻችሁን ለምናችሁ ለምናችሁ ውሻ ያስገዛችሁ ልጆች። ቅዳሜ ከሰዓት ሰርግም ለቅሶም ኦቨርታይምም የማይጠፋበት ሰዓት ነው፣ ያንን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ውሻ ሲባል የምናውቀው ግቢ ጠባቂውን ነው፣ ቀን ይታሰራል ማታ ይፈታል፣ ሥራ አለው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ መጥተን ግን ውሻው አፓርትመንት ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቁጭ፣ እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ምንም የሚሠራው ነገር የለም፣ ከዛ ጫማ ሲበላና ሲጮህ ጎረቤት ሲከስ "ይሄ ውሻ ባለጌ ነው" እንላለን። ባለጌ አይደለም። ሥራ ፈት ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ የመጣሁት ለአፍንጫው ሥራ ስጡት ልላችሁ ነው።

ስፖርቱ ኖዝ ወርክ ይባላል፣ የአፍንጫ ሥራ ማለት ነው፣ ውሻው የተደበቀ ሽታ ፈልጎ ያገኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የፖሊስ ዓይነት አነፍናፊ ውሾችን ያሰለጥኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው ይሄንን ለቤት ውሻ ይሁን ብለው ያመጡት፣ በኋላ የውሻ ዘር የሚመዘግበው አሜሪካን ኬኔል ክለብም በ2017 የራሱን ውድድር ጀመረ። ውሻው የሚፈልገው አደንዛዥ እፅ ወይ ፈንጂ ሳይሆን የዘይት ሽታ ነው፣ መጀመሪያ በርች የሚባለው ዛፍ ዘይት፣ ቀጥሎ አኒስ፣ ከዛ ቅርንፉድ። አዎ፣ የሻያችን ቅርንፉድ! ስለዚህ ቅርንፉድ ማስተማር ስትጀምሩ የቅመም ዕቃውን ከምትለማመዱበት ክፍል አርቁልኝ፣ ውሻው የትኛውን ሽታ ሲያገኝ እንደሚሸለም መለየት አለበት።

አጀማመሩ በጣም ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የአማዞን ካርቶኖች ቤታችሁ አሉ አይደል፣ እነሱን ክዳናቸውን ከፍታችሁ ወለል ላይ በትኑ፣ አንዱ ውስጥ የዶሮ ቁራጭ አድርጉ፣ ውሻውን ልቀቁት፣ በቃ። "ሲት" የለም፣ "ና" የለም፣ "እዛ ጋ ነው" የለም። ራሱ ሲያገኘው እዛው ካርቶኑ ውስጥ ተጨማሪ ሥጋ ጣሉለት። ፍለጋውን እንደወደደው ሲታያችሁ ነው ዘይቱ የሚመጣው፣ ጓንት አድርጋችሁ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ፣ ጥጡን ቀዳዳ ባለው ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮውን ከሥጋው ጋር። እየቆየ ሥጋው ይወጣል፣ ሽታው ብቻ ይቀራል፣ ሽልማቱ ግን ሁሌም ሽታው ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚሰጠው። ይሄንን አስምሩበት፣ ብዙ ሰው ውሻው አግኝቶ ወደሱ ሲዞር ነው ሽልማቱን የሚሰጠው፣ እንደዛ ከሆነ ውሻው የሚማረው የናንተን ኪስ መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ እሱም እናንተ ናችሁ።

በ2011 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ፣ ሊሳ ሊት የምትባል ተመራማሪ የሠራችው። 18 ባለሙያ አሰልጣኞች ከነውሾቻቸው አንድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ተጠሩ፣ ሽታ ሊኖር እንደሚችል ተነገራቸው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምልክት ነው የተባለ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። እውነቱ ግን የትም ቦታ ምንም ሽታ አልተቀመጠም ነበር። ከ144 ፍለጋ ውስጥ ያለ ስህተት የተጠናቀቀው 21 ብቻ ነው፣ በቀሪዎቹ ሁሉ "ውሻዬ አገኘ" ተባለ፣ በተለይ ቀይ ወረቀቱ ጋ። እነዚህ እኮ ሥራቸው የሆኑ ሰዎች ናቸው! ሰውየው ያመነውን ነገር በአቋቋሙ፣ በትንፋሹ፣ ገመዱን በያዘበት እጁ ለውሻው ይነግረዋል፣ ወይም ደግሞ ራሱ ማየት የፈለገውን ያያል። ስለዚህ የደበቃችሁበትን ቦታ የምታውቁት እናንተ ከሆናችሁ አንዳንዴ ልጆቻችሁ ይደብቁ፣ እናንተ ሳታውቁ ግቡ። ያኔ ውሻችሁን ከማመን ሌላ ምርጫ አይኖራችሁም።

ለማመን ደግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። የኔዋን ቡቺን ልንገራችሁ፣ ዲቃላ ናት፣ ወንበሮች የተደረደሩበት ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ፈጠን ብላ ነው የምታልፈው፣ ጅራቷ ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል። ድንገት ሰውነቷ ወደፊት እየሄደ ጭንቅላቷ ወደኋላ ይጠመዘዛል። እሷ ናት ቅጽበቷ። ከዛ አፏ ይዘጋል፣ የአፍንጫዋ ድምፅ ይሰማል፣ እፍ እፍ እፍ፣ ጅራቷ አጭርና ፈጣን ይሆናል፣ ወንበሩን አልፋ ሽታው ሲጠፋባት ትመለሳለች፣ በዚያኛው በኩል አልፋ ደግሞ ትመለሳለች፣ እንዲህ እያጠበበች እግሩ ሥር ትደርስና ቀጥ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የኔ ሥራ ገመዱን አላልቶ መከተልና አፍን መዝጋት ነው። ውድድር ላይ እጃችሁን አንስታችሁ "አለርት" ትላላችሁ፣ ውሻዬ አገኘ ማለት ነው፣ ዳኛው የስ ወይ ኖ ይላል።

አንዳንዴ ውሻው ዘይቱ ከተደበቀበት ራቅ ያለ ጥግ ላይ ይጠመዳል፣ ሰው ይበሳጫል። አትበሳጩ፣ አየሩ ነው። ሽታ ከአየር ጋር ይሄዳል፣ ጥግ ላይ ይጠራቀማል፣ ኤሲ ሲበራ መንገዱ ይቀየራል። ማየት ከፈለጋችሁ ውሻው በሌለበት ሰዓት የደበቃችሁበት ቦታ አጠገብ ዕጣን አጭሱና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ፣ ውሻው ለምን እዛ ጥግ እንደቆመ ይገባችኋል። ክፍሉ ግን በደንብ እስኪናፈስ ልምምድ የለም። በሙቀት ቀንም አታስጨንቁት፣ እያለከለከ ያለ ውሻ በደንብ ማሽተት አይችልም፣ ጥላ፣ ውሃ፣ አጭር ፍለጋ።

"የኔ ውሻ አርጅቷል" "የኔ ሌላ ውሻ ሲያይ ያብዳል" የምትሉ አላችሁ፣ ስትመዘገቡ ሰምቻለሁ። ይሄ ስፖርት በተለይ ለነሱ ነው የምለው እኔ። የሚሠራው አንድ ውሻ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ መኪና ውስጥ ወይ ኬጅ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ሰውም ውሻም እንዲጠጋው የማይፈልግ ውሻ ቀይ ስካርፍ ያስራል፣ ሁሉም ርቀቱን ይጠብቃል። መስማት የተሳነው፣ ማየት የተሳነው፣ ሦስት እግር ያለው ውሻ ይሠራል። ፈሪ ውሻ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ ፈሪ ውሻ ሲቀየር ማየት ያስለቅሳል። በ2019 ሻርሎት ዱራንቶንና አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ባወጡት ጥናት ለሁለት ሳምንት ኖዝ ወርክ የሠሩ ውሾች፣ ምግብ ይኑርበት አይኑርበት ወደማያውቁት ሳህን ከበፊቱ ፈጥነው ሄዱ፣ ከባለቤታቸው ጎን መሄድ የተለማመዱት ግን አልተለወጡም። ተስፋቸው ጨመረ ማለት ነው። ምክንያቱ የሚመስለኝ ይሄ ነው፣ ፍለጋ ላይ ራሱ ነው የሚወስነው፣ ቀኑን ሙሉ "ተው" "ውረድ" "ዝም በል" የሚባል እንስሳ እዛች ሦስት ደቂቃ ውስጥ መሪው እሱ ነው።

በሉ፣ ካርቶኖቹ ከኋላ ያለው አዳራሽ ውስጥ ተዘርግተዋል። ውሻ ያመጣችሁ አንድ በአንድ ትገባላችሁ፣ መኪና ውስጥ የሚጠብቁት ጥላ ሥር ይሁኑ፣ ኤሲው አይጥፋ፣ ሰውም አብሯቸው ይቀመጥ። ልጆች ግድግዳውን ተደግፋችሁ በዝምታ ታያላችሁ፣ ውሻው ሲያገኝ ግን ማጨብጨብ ይቻላል። መጀመሪያ የምትገባው አሮጊቷ ላብራዶር ናት፣ ባለቤቷ እባክዎ ይዘዋት ይምጡ።