ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል ቢያመረቅዝ ከማን ኪስ ይወጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት በስልክ መስመራችን ሰዓቱ አልበቃንም። ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው መስመር ይዞ እየጠበቀ ዜና ደረሰ። እኔ የልብ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አድርገው ወደ ደሴ የተመለሱትን መከታተል ነው። ስለዚህ ቁስሉ ሲበላሽም፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ሲያልቅበትም ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። አየር ላይ በችኮላ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

ከሸዋ በር የደወሉ እናት፦ «የልጄ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ ተቀይሮ ከመጣን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ዕድሩ አዋጥቶ ነው ያሳከምነው። አሁን ቁስሉ ከታች ጫፉ ላይ ውሃ የመሰለ ነገር ያወጣል። ቀጠሯችን ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ለአዲስ አበባ ትራንስፖርት ደግሞ እንዳልበደር፣ እስከዚያ ልጠብቅ?»

አብሽሩ እናቴ፣ ግን አይጠብቁ። ለመጀመሪያው ምርመራ አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም፤ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ይታይ። ከሸዋ በር የባጃጅ ሂሳብ ነው። የጤና መድን ካርድ ካለዎት ይያዙ፤ አዲስ አበባ የተሰጣችሁን የመውጫ ወረቀትም እንዳይረሱ።

ለምን እንደማስቸኩልዎት ልንገርዎት። ለዚህ ቀዶ ሕክምና የደረት አጥንት መሐሉን በመጋዝ ይከፈታል፣ ሲያልቅ በሽቦ ይታሰራል። ኢንፌክሽኑ ከቆዳው ካላለፈ ቁስሉን ማጠብና መድኃኒት ይበቃዋል። አጥንቱ ጋ ከደረሰ ግን ልጁ እንደገና ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል፤ ሽቦው ይወጣል፣ የበሰበሰው ይጸዳል፣ ከዚያ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይከተላል። ተህዋሲያኑ አዲሱ ቫልቭ ላይ ከሰፈሩ ደግሞ ቫልቩን ራሱን እንደገና እስከ መቀየር ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥልቅ ኢንፌክሽን ብዙ አያጋጥምም። በአብዛኞቹ ሪፖርቶች ከ100 ታካሚ ከ1 እስከ 3 ቢሆን ነው። የደረሰበትን ግን ሊገድል ይችላል።

ዛሬ ማታ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያዩታል፤ ቁስሉ ዙሪያ ቀልቷል ወይ? ሲያስል ደረቱ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ነገር ይሰማዋል ወይ? ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው ወይ? ከነዚህ አንዱ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ደግሞ ጄሪካን እንዳያሸክሙት፤ አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፣ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፦ «ወንድሜ ተኝቶ ሳለ አንቲባዮቲኩን በሁለተኛው ቀን አቆሙበት። እቁቤን አውጥቻለሁ። ጠንካራ መርፌ ከውጭ ገዝቼ ለአንድ ሳምንት ላስጨምርለት?»

እቁብህን መልሰህ ኪስህ አስገባው። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። መከላከያ አንቲባዮቲክ ሥራውን የሚሠራው ቆዳው ሳይቀደድ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው፤ ቢላው ሲያርፍ መድኃኒቱ ደም ውስጥ መኖር አለበት። ለልብ ቀዶ ሕክምና ቢበዛ እስከ 48 ሰዓት ይቀጥላል። ከዚያ ማራዘም ኢንፌክሽን አይቀንስም፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያፈራል። ወንድምህ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ብዙ አንቲባዮቲኮች ዋርፋሪኑን ያጠነክሩበትና ሊደማ ይችላል። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ መርፌ ስለ ተወደደ «ጠንካራ» ነው ብሎ መግዛት ደሴ ፋርማሲዎች ደጃፍ ላይ በየቀኑ የማየው ኪሳራ ነው።

ገንዘቡን ለመመላለሻና ለእንቁላል፣ ለሥጋ፣ ለምስር አውለው። ያልበላ ሰው ቁስሉ አይሽርም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም አስተወው።

ከፒያሳ፣ የሒሳብ ባለሙያ፦ «ከቀዶ ሕክምና በፊት ገላ የሚታጠብበት ሳሙናና አፍንጫ የሚቀባ ቅባት ኢንፌክሽን በማስቀረት ይህን ያህል የሚያተርፉ ከሆነ ሆስፒታሎች ለምን ገዝተው አይጨርሱትም?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ አየር ላይ ሦስት ደቂቃ ነው የሰጡኝ።

መጀመሪያ ትርፉን እናስላ። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለውን ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል፤ አያመውም። ደረቱ ሲከፈት ግን ያው ባክቴሪያ ወደ ቁስሉ ሊገባ ይችላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሸካሚ መሆናቸው በምርመራ የታወቀ ታካሚዎችን ለ5 ቀን አፍንጫቸውን ሙፒሮሲን የሚባል ባክቴሪያ ገዳይ ቅባት ቀብተው፣ ገላቸውን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ተህዋሲያን ገዳይ ሳሙና አሳጠቧቸው። ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የዚህ ባክቴሪያ ኢንፌክሽን ከ7.7 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ልዩነቱ 4.3 ነው፤ 100ን ለ4.3 ቢያካፍሉት 23 ይመጣል። ማለትም 23 ተሸካሚዎችን ቀብተውና አጥበው አንድ ኢንፌክሽን ያስቀራሉ። የኛ ቁጥር ከነሱ ሊለይ ይችላል፤ እስቲ ግን የ23 ሰው ቅባትና ሳሙና በአንድ ወገን፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምናና የሳምንታት አልጋ በሌላ ወገን አድርገው ይመዝኑት።

ታዲያ ለምን አይገዛም? የሚያወጣው አንዱ፣ የሚያተርፈው ሌላው ስለሆነ ነው። ሳሙናው ከሆስፒታሉ በጀት ይወጣል። ኢንፌክሽን ሲመጣ ግን መድኃኒቱን ከውጭ የሚገዛው ቤተሰቡ ነው፤ አዲስ አበባ አልጋ ተከራይቶ የሚያስታምመውም፣ ከፋብሪካ ሥራው ቀርቶ ደመወዙን የሚያጣውም እሱ ነው። የግዢ ክፍሉ ሰንጠረዥ ላይ የቆጠበው ይታያል፣ ያከሰረው አይታይም። ተለማማጅ ሳለሁ በአንድ ክፍል በር ላይ የእጅ አልኮል ማስቀመጫው ለወራት ባዶውን ተሰቅሎ ነበር። አስታማሚው ጓንት እንዲገዛ ወደ ውጭ ሲላክ በዚያ በር ሥር ነው የሚያልፈው።

አሜሪካኖች ይህን በግልጽ ሞክረውታል። የአረጋውያን መድናቸው ሜዲኬር ከጥቅምት 2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የተዘጋ የልብ ደም ሥርን በሌላ ደም ሥር የሚያሳልፈውን ቀዶ ሕክምና ተከትሎ ለሚመጣ የደረት ውስጥ ኢንፌክሽን ተጨማሪ ክፍያ ለሆስፒታሎች መስጠት አቆመ። ወጪውን ወደ ሆስፒታሉ ኪስ መለሰው ማለት ነው። እኛ ዘንድ ያንን እንዳለ መቅዳት አይሆንም፣ በጀቱ ድሮም የለም። ሒሳቡ ላይ ግን አልጋውን አስገቡ እላለሁ። የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ረጅም ነው፤ ያመረቀዘ ቁስል ለሦስት ሳምንት የያዘው አልጋ የሌሎች ልጆች ተራ ነው። የእጅ አልኮል ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን ነግሮናል፤ ኤታኖል፣ ግሊሰሪን፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ውሃ ነው። ኤታኖሉ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ይወጣል፤ በኮሮና ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲያዘጋጁት አይተናል።

«የተቀየረ ቫልቭ አለኝ፣ ጥርሴን ልነቀል ነው» ላሉት

ለጥርስ ሐኪሙ መጀመሪያ ቫልቩን ይንገሩት፤ ጥርስ ሲነቀል የአፍ ባክቴሪያ በደም አድርጎ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። አዋቂ ከሆኑና ፔኒሲሊን የማይቆጣዎት ከሆነ፣ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት 2 ግራም አሞክሲሲሊን አንዴ ይወስዳሉ። ለዚህ ብር አይቆጥቡ።

ከኮምቦልቻ በርከሌ፣ አንዲት አያት፦ «ጠያቂ አትምጣ ማለት ነውር ነው። ምን ላድርግ?»

አይከልክሉ እትዬ። እንግዳን እጅ ማስታጠብ እኮ ነባር ወጋችን ነው፤ ማስታጠቢያውንና ሳሙናውን ከማዕዱ በፊት ሳይሆን በሩ ላይ ያቅርቡት። ጉንፋን የያዘው ከደጅ ሰላም ብሎ ይመለስ። ቁስሉ ላይ ደግሞ ቅቤም፣ ቡናም፣ ጠበልም፣ ዘምዘምም አይፍሰስ። ዱዓውና ጸሎቱ ከሩቅም ይደርሳል።

የሸዋ በሯ እናት መልሰው ደውለው ነበር፦ «ታናሽ ወንድሙንም ጉሮሮው ደጋግሞ ያመዋል፤ ይህም ከልብ ጋር ይገናኛል?»

ይገናኛል። እኛ ጋ የብዙ ልጆች ቫልቭ የሚበላሸው በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣ የሩማቲክ በሽታ ነው። ታናሹን ሰኞ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ትልቁም የተጎዳው በዚሁ በሽታ ከሆነ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ቫልቩ ተቀየረ ብለው እንዳያስቆሙት።