በቤት ለተጠመቀ ቢራ ርካሽ በርሜል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ጥያቄ ያቀረቡልኝ አድማጮች አብዛኞቹ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከአዲስ አበባም ሁለት ሰዎች ደውለዋል። ሥራዬ የድራፍት ቢራ መስመርና የጋዝ ዕቃ ጥገና ነው። የአየር ሰዓታችን አጭር ስለነበረ ያላዳረስኩትን እዚህ በጽሑፍ አሟልቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ይፈቀዳል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይፈቀዳል፤ በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ግብር እንዲጠመቅ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ የየስቴቱን ሕግም ማየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከሁሉ የሚረክሰው በርሜል የትኛው ነው? (ከአሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ የሚረክሰው ቤትዎ ውስጥ አለ፤ ባለ ሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ይህ ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጋዝ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። ቅርጹም ክብ ስለሆነ ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። ቢራው ፈልቶ ሙሉ በሙሉ ካበቃ በኋላ በየሊትሩ ስድስት ግራም ያህል ስኳር ጨምረው፣ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ትተው ይክደኑት፤ ሞቅ ባለ ክፍልም ያስቀምጡት። በየቀኑ በእጅዎ ይጫኑት። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመጨረሻም በአውራ ጣት ሲጫኑት እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ወደ ፍሪጅ ያስገቡት። ለዚሁ ጠርሙስ የሚሸጥ የጋዝ ማስገቢያ ክዳን ስላለም፣ በኋላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሊንደር ከገዙ በዚያው ጠርሙስ መቀጠል ይችላሉ።

ከዚያ ከፍ ማለት ከፈለጉ፣ የለስላሳ ድርጅቶች ይገለገሉበት የነበረውን ባለ አምስት ጋሎን የማይዝግ ብረት በርሜል አሮጌውን ይፈልጉ። ጠማቂዎች ኮርኒ ይሉታል። የሚሸከመው የግፊት መጠን በራሱ ላይ ተጽፏል፤ በአብዛኛው 130 ፒኤስአይ ነው (ፒኤስአይ በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ግፊት በፓውንድ የሚለካበት ነው)። አሮጌ ሲገዙ የጎማ ማኅተሞቹን በሙሉ ይቀይሩ፤ የቀድሞው ለስላሳ ሽታ የሚቀረው በእነርሱ ውስጥ ነው። ደግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለግፊት ያልተሠራ ዕቃ ውስጥ ግፊት አይግባ።

ጥያቄ፦ ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ጄሪካን ክዳኑን በስቼ የመኪና ጎማ ቫልቭ ገጥሜበታለሁ። የማስገባው ግፊት 12 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ጎማ እንኳ ከ30 በላይ ይሸከማል። ጓደኞቼም እንደኔ ሠርተዋል። ችግር አለው? (ከውድብሪጅ)

በጣም አለው። ይህን ጥያቄ በየወሩ ስለምሰማው ዛሬ ሰፋ አድርጌ እንድመልሰው ይፍቀዱልኝ።

12 የሚለው ቁጥር ትንሽ መስሎ ያሳስታል። 12 ፒኤስአይ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.84 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። የጄሪካንዎን ሰፊ ጎን ይለኩት፤ 30 በ40 ሴንቲሜትር ቢሆን 1,200 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ሲያባዙት አንድ ሺህ ኪሎ ይመጣል። አሥር ኩንታል ጤፍ በዚያ ስስ ፕላስቲክ ላይ ተጭኗል ማለት ነው፤ ያውም በአንዱ ጎን ብቻ። የመኪና ጎማ 30 የሚችለው ክብ ስለሆነና በውስጡ የሽቦና የክር መረብ ስላለው ነው። ጄሪካን ግን ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ ስስ ነው፤ የተሠራውም ፈሳሽ እንዲይዝ እንጂ ጋዝ አምቆ እንዲቆይ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የጋዝ ጠባይ ነው። በውኃ ብቻ የተሞላ ዕቃ ሲሰነጠቅ ውኃው ይፈሳል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የታመቀ ጋዝ ያለበት ዕቃ ሲሰነጠቅ ግን ጋዙ በቅጽበት ስለሚለጠጥ ስንጥቁን ይፈለቅቀዋል፣ ክዳኑንም ያስፈነጥረዋል። እኔ ራሴ በአንድ ሰው ምድር ቤት ተጠርቼ ሄጄ ያየሁትን ልንገርዎት። የጄሪካኑ ክዳን የጣሪያውን ጂፕሰም በስቶ ገብቶ ነበር፤ ቫልቩ እንደ ተገጠመበት ነበር። ከበርሜሉ አጠገብ የልጅ ወንበር ቆሞ ነበር። ልጁ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበር። ያን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሦስተኛ፣ «እኔ 12 ላይ ነው የማቆመው» ማለት የሚቻለው ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት ቀንሶ የሚያሳልፈው ዕቃ፣ ሳይበላሽ ሲቀር ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በክፍል ሙቀት በውስጡ 850 ፒኤስአይ ያህል ይዟል። በዚያና በጄሪካንዎ መካከል ያለው ሬጉሌተር ብቻ ነው፤ እርሱ ቢያፈተልክ የሚያስተነፍስ ሴፍቲ ቫልቭ ጄሪካኑ የለውም። የፒቪሲ የውኃ ቧንቧ፣ የውኃ ማቀዝቀዣ ላይ የሚደፋው ትልቅ ጠርሙስና ተራ ብርጭቆ ጋሎንም እንዲሁ ናቸው። ፒቪሲና ብርጭቆ እንዲያውም ሲፈነዱ ስለት ሆነው ይበተናሉ። የጓደኞችዎ ጄሪካን እስካሁን አለመፈንዳቱ ነገ አይፈነዳም ማለት አይደለም፤ ፕላስቲክ ግፊት በተመላለሰበት ቁጥር ይደክማል፤ ድካሙም በዓይን አይታይም። ዛሬ ማታ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ግፊቱን ቀስ ብላችሁ አስተንፍሱ፣ ጄሪካኑንም ወደ ውኃ መያዣነቱ መልሱት። ለጓደኞችዎም ይደውሉላቸው።

ጥያቄ፦ ጠላ በጄሪካን አድርጌ ለዘመድ ልልክ ስል ይነፋብኛል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

እናቴ፣ ጠላው ገና አልበሰለም። በውስጡ ስኳር ቀርቷል፤ እርሾውም እየሠራ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የሚቀር አራት ግራም ስኳር እንኳ የራሱን የጠላውን መጠን የሚያህል ጋዝ ያወጣል፤ በጉሽ ጠላ ውስጥ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበዛ ስኳር ሊኖር ይችላል። ጋን ሸክላ ነው፣ ክዳኑም እንደ ጄሪካን ብሎን አይጠብቅም፤ ስለዚህ እናቶቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ጠላው መፍላቱን እስኪያቆም ይታገሡ፣ ከዚያ ያጥሩት። የግድ ዛሬ መላክ ካለበት ጄሪካኑን አንድ አራተኛ ጎዶሎ ይተዉት፣ ክዳኑንም እስከ መጨረሻው አያጥብቁት፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆምም ያድርጉ። ፀሐይ በሚመታው መኪና ኋላ ፈጽሞ አይጫን። የተነፋውን ሲከፍቱ ፊትዎን ወደ ጎን አዙረው ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ ይፍቱት።

ጥያቄ፦ የቀለም ወይም የኬሚካል ጄሪካን በደንብ ታጥቦ መጠመቂያ ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የጠጣውን ኬሚካል ማንም አጥቦ አያወጣውም።

ጥያቄ፦ በጋዝ ፋንታ በብስክሌት ፓምፕ ብነፋውስ? (ከአሌክሳንድሪያ)

በዚያው ምሽት ተጠጥቶ የሚያልቅ ከሆነ ቢራው አይበላሽም፤ ካደረ ግን አየሩ ጣዕሙን ያጠፋዋል፣ ይኮመጥጥማል። የዕቃው ጥንቃቄ በፓምፕም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ኮርኒ ገዛሁ፤ የሚወጣው ግን አረፋ ብቻ ነው። (ከሃያትስቪል)

ሦስት ነገር ይመልከቱ። ቢራው በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ሦስት ወይም አራት ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ። ግፊቱ ከ10 እስከ 12 ፒኤስአይ ይሁን። የመቅጃ ቱቦው ደግሞ አምስት ሚሊሜትር ያህል ውስጠኛ ስፋት ኖሮት እስከ ሦስት ሜትር ይርዘም። ብዙ ሰው ቱቦውን ለማሳመር አንድ ሜትር ላይ ይቆርጠዋል፤ ቢራው ግን ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያጣው በዚያ ርዝመት ውስጥ ሲጓዝ ነው፤ አጭር ከሆነ በመቅጃው አፍ ላይ በአንድ ጊዜ ይፈነዳና አረፋ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የመጠጥ ቤት የብረት በርሜል በእጄ ገብቷል። ከላይ ፈልቅቄ መክፈት እችላለሁ? (ከሜሪላንድ)

አይንኩት። በውስጡ የቆመው ረጅም ቧንቧ ግፊት ሳይወጣ ከተፈታ እንደ ጦር ተወንጭፎ ይወጣል፤ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። በርሜሉም የጠማቂው ድርጅት ንብረት ነው፤ የከፈሉት ገንዘብ መያዣ እንጂ ዋጋ አይደለም። መልሱትና መያዣዎን ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩን ልጆቹ እንዳይነኩት የልብስ ቁም ሣጥን ክፍል ውስጥ ቆልፌበታለሁ። (ከፎልስ ቸርች)

እህቴ፣ ለልጆችዎ ማሰብዎ መልካም ነው፤ ቦታው ግን አይሆንም። ትንሹ ባለ አምስት ፓውንድ ሲሊንደር ቢያፈስ 1,200 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ርዝመቱም ስፋቱም ሁለት ሁለት ሜትር በሆነ ክፍል ይህ ከአየሩ ከአሥር በመቶ በላይ ነው፤ አራት በመቶ ሲደርስ እንኳ ለሕይወት አስጊ ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሕፃናት የሚተነፍሱት ደግሞ እዚያ ነው። አየር የሚዘዋወርበት ሰፊ ቦታ ላይ፣ ቀጥ አድርገው በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ያስሩት። ካልተጠቀሙበት ከላይ ይዝጉት። በመኪና ሲወስዱትም መስኮት ይክፈቱ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ገበያ ልግባ ብለው በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ከጋራዥ ሽያጭ ያገኘሁት አሮጌ የአልሙኒየም ሲሊንደር አንገቱ ላይ የተቀረጸው ዓመት 2009 ነው። ልሙላው? (ከሜሪላንድ)

አይሙሉት። ሲሊንደር በአሜሪካ በየአምስት ዓመቱ በውኃ ግፊት ይፈተናል፤ ዓመቱ ያለፈበትንም ሕጋዊ የጋዝ መሸጫ አይሞላም። ሬጉሌተሩን አይግጠሙበት፣ ቫልቩንም በመፍቻ አይነካኩ። ወደ አንድ የጋዝ መሸጫ ወስደው ባለሙያ ይፈትነው፤ ካለፈ ይሞሉልዎታል፣ ካላለፈ እዚያው ያስወግዱልዎታል።