ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማሽኑም ይጠየቅ

በሽቦ መረብ ማሽን ሠልጣኞች የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ከየግንባታው ቦታ የመጣችሁ ለሳኞችና ግንበኞች፣ ወላጆችና እንግዶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሙያው ታሪክና ስለ ወደፊት ዕጣው ተናገር ብለውኛል። ታሪኩን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ስለ ወደፊቱ ግን ብዙም የምለው የለኝም፤ የመጣሁት ሌላ ነገር ለመናገር ስለሆነ ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል። ደግሞም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከእኔ እንዳትጠብቁ። ስለ ሽቦ መረብ የሚናገር ሰው ሁሉ በእሱ ይጀምራል፤ እኔ ግን ድሩ አብሮም አንበሳው ሲያመልጥ አይቻለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1844 ቻርልስ ባርናርድ የተባለ እንግሊዛዊ በኖርዊች ከተማ የጨርቅ መሸመኛውን አሠራር ተከትሎ ሽቦ እየጠመዘዘ ባለ ስድስት ጎን ዓይን የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ዛሬ የዶሮ ሽቦ የምንለው የዚያ ማሽን ልጅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ሉዊ ላምቦ የሽቦ መረብን በሲሚንቶ ለስኖ ጀልባ ሠራ፤ በ1855ም ፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየው። በ1884 ጆን ፍሬንች ጎልዲንግ ላሜራን ሰንጥቆ በመለጠጥ መረብ የማውጣትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። በ1901 ደግሞ ጆን ፔሪ ሽቦን በሽቦ ላይ በኤሌክትሪክ የሚበይደውን ማሽን አመጣ። ከዚያ በኋላ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ በ1940ዎቹ ስስ የሲሚንቶ ልስንና ብዙ ድርብ መረብ አንድ ላይ አድርጎ ጀልባም የአዳራሽ ጣሪያም ሠራበት። ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃል።

የጎልዲንግ ማሽን ግን ትንሽ ያቆመኛል፤ እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የላይኛው ስለት ጥርሳም ነው። ሲወርድ ላሜራውን ይቆርጣል፤ ከቆረጠም በኋላ ስለማያቆም የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ ታች እየገፋ ይለጥጠዋል። ተመልሶ ይነሳል፣ የግማሽ ዓይን ያህል ወደ ጎን ይሄዳል፣ ላሜራው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይገፋል፣ ስለቱ እንደገና ይወርዳል። በዚህ ምልልስ ውስጥ የአልማዝ ቅርጽ ያላቸው ዓይኖች እየተከታተሉ ይወጣሉ። ከማሽኑ ሥር ብትጎነበሱ ተቆርጦ የወደቀ ብረት አታገኙም። ወንፊት የሚመስል ነገር ሠርቶ ከቀዳዳዎቹ ምንም የማይጥል ማሽን ነው።

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

መረቡ ከስለቱም ይውጣ ከመበየጃው፣ ሲወጣ ዝርግ ነው። ዝርግ መረብ ልስን እንዲይዝ ግድግዳ ላይ ሲመታ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል። የሲሚንቶና የአሸዋው ድብልቅ ከፊቱ ያልፋል እንጂ ከጀርባው የሚገባበት ክፍተት አያገኝም። ስለዚህ ከመጠቅለያው በፊት ሁለት ሮለሮች ተደርገዋል። አንደኛው ላይ ጥርስ አለ፣ ሌላኛው ላይ ጥርሱን የሚቀበል ጉድጓድ። መረቡ በመካከላቸው ሲያልፍ በየተወሰነው ርቀት ጉብታ ይወጣለታል። ግድግዳውን የሚነካው ጉብታው ብቻ ይሆናል፤ የቀረው መረብ ከግድግዳው ርቆ ይቆማል። ኤ ኤስ ቲ ኤም ሲ 1063 የተባለው የአሜሪካ ደንብ ይህን ርቀት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ያደርገዋል። በሦስት ድርብ የሚሠራ የሲሚንቶ ልስን በመረብ ላይ ሲሆን ጠቅላላ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ድርብ ብቻውን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስሌቱን እናንተው አስቡት። መረቡ 6 ሚሊ ሜትር ከራቀ በመጀመሪያው ድርብ ውስጥ ይዋጣል፣ ከፊትም ከኋላም ይያዛል። ካልራቀ ግን ልስኑ መረቡን አልያዘውም፤ ተደግፎት ብቻ ነው የቆመው።

ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት አይችልም። ሲደርቅ ደግሞ ይሸመቅቃል፤ ሲሸመቅቅም ራሱን ይስባል። መረቡ የተፈለገው ያን ስበት ተቀብሎ ሊመጣ የነበረውን አንድ ሰፊ ስንጥቅ ዓይን በማያያቸው ስስ ስንጥቆች እንዲበታትነው ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ድብልቁ ውስጥ ከገባ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ አዳራሽ የጎን ግድግዳ ልስን ወደቀና እንዳየው ተጠራሁ። ስደርስ ክርክሩ አልቆ ፍርዱ ተሰጥቶ ነበር። ሥራ ተቋራጩ «አሸዋውን አላጠቡትም» ይላል። ተቆጣጣሪው «ውኃ አብዝተዋል» ይላል። ሦስተኛው፣ ማን እንደነበረ እስካሁን አልገባኝም፣ «ውኃ ሳያጠጡት ነው የደረቀው» አለ። ውኃ የበዛበትም ውኃ ያጣውም ያው አንድ ልስን መሆኑ ነው። በሦስቱም ክስ ተከሳሹ አንድ ሰው ነበር፤ ለሳኙ። ክፍያውም ታግዷል። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጥግ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፣ አንድም ቃል አልመለሱም። ሰዎቹ ራቅ ሲሉ ጠጋ ብለው በጆንያ የጠቀለሉትን ነገር ፈቱልኝ። ከወደቀው ልስን አንዱን ቁራጭ አስቀምጠውት ኖሯል። «ፊቱን ሁሉም አይቶታል፤ አንተ ጀርባውን እይልኝ» አሉኝ።

ገለበጥኩት። መረቡ በልስኑ ጀርባ ላይ ከነዓይኖቹ ተኝቷል። የእያንዳንዱ የመረቡ ዘንግ ግማሽ ብቻ ሲሚንቶ ነክቶታል፤ ግማሹ ራቁቱን ነው፣ ቀይ ዝገት ለብሷል። በጣቴ ስነካው ዝገቱ እንደ ዱቄት ተነሳ። ፊት ለፊቱ ግን እንዴት ያለ ልስን መሰላችሁ! ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንዲት ማንኪያ ያልሳተበት። እኚህ ሰው እጃቸው ምንም አልበደለም።

የተረፈ ጥቅል እንዳለ ጠየቅሁ፤ ነበር። ቆርጬ በዝርግ ጠረጴዛ ላይ አነጠፍኩና ከላዩ ቀጥ ያለ ብረት ጫንኩበት። የ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ ከሥሩ ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባም። የ3 ሚሊ ሜትር የመሰርሰሪያ ጫፍ ሰደድኩ፤ በጥቂት ቦታ አለፈ፣ በአብዛኛው ተያዘ። ጉብታ የሚባለው ነገር በእጅ ሲዳሰስ እንጂ በዓይን የሚታይ አልነበረም።

ከዚያ መረቡ ወደተሠራበት ፋብሪካ ሄድን። የሮለሩ ጥርሶች አናታቸው አልቆ ዶልዱሟል። የሁለቱን ሮለሮች ክፍተት የሚወስነው ቡሎን ደግሞ ላልቷል፤ ዳዶው ሲያጠብቁት ከሚቆምበት ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት አልዋሸኝም። «ሳጠብቀው የመረቡ ዘንጎች ይበጠሳሉ፤ የተበጠሰ ጥቅል ደግሞ ይመለስብናል። አላላው አሉኝ፣ አላላሁት» አለኝ። ለምን ይበጠሳሉ? ወደ ሰንጣቂው ስለት ሄድን። ስለቱ ደንዟል። ላሜራውን በጥራት ስለማይቆርጠው እየቀደደው ያልፋል፤ በየመገናኛው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይተዋል። ያ የቆሰለ መረብ ጉብታ ይውጣልህ ሲባል የት ይችላል? ይበጠሳል።

እንግዲህ ተመልከቱት። ስለቱን መሳል ሥራ ማቆም ይጠይቃል፤ ሥራ ማቆም አልተፈለገም። ስለዚህ ሮለሩ ላላ። ሮለሩ ሲላላ ጉብታው ጠፋ። ጉብታው ሲጠፋ ልስኑ ወደቀ። ልስኑ ሲወድቅ የአንድ ሽማግሌ ክፍያ ታገደ! አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ይህንኑ ነው። ማሽኑ ባለቤት አለው፣ ሻጩ ጠበቃ አለው፣ ተቆጣጣሪው ማኅተም አለው፤ ለሳኙ ግን ያለው እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ እጁ ይከሰሳል።

ይህን ስናገር «ጥንቃቄ ማነስ ነው፣ ሁሌ የሚደርስ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ጥንቃቄ ማነስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ዝርግ መረብ ሲደረደር ይጠጋጋል፣ በአንድ መኪና ላይ ብዙ ይጫናል። ጉብታ ያለው መረብ ቦታ ይበላል። ጉብታውን የሚያጠፋ ሰው በጭነት ያተርፋል፤ የሚከስረው ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ከወራት በኋላ። ገዢውም ቢሆን ነፃ አይወጣም። መጋዘን ገብቶ የሚያየው የዚንክ ሽፋኑን ማብረቅረቅና የጥቅሉን ቀጥ ማለት ነው። ሚሊ ሜትር ይዞ የገባ ገዢ ስንት ጊዜ አይታችኋል?

ስለ ዝገቱም አንድ ነገር ልበል። ሲሚንቶ ራሱ ብረትን ይጠብቃል፤ አልካሊነቱ ከፍተኛ ስለሆነ በፒኤች ልኬት ከ12 በላይ ይደርሳል፣ በዚያ ውስጥ የተዋጠ ብረት በቀላሉ አይዝግም። ከሲሚንቶው ውጭ የቀረው የብረት ጎን ግን ይህን ጥበቃ አያገኝም። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ያበጠውም ዝገት ልስኑን ከኋላ ይገፋዋል። «ዚንክ ተለብጧል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከር ዘዴ በ1837 በፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ፓተንት ከወጣለት ጀምሮ ብዙ ብረት አድኗል፤ ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ዚንክ ቀጭን ሽፋን ነው፣ እያለቀ የሚሄድም ነው። አስቀድሞ የተለበጠ ላሜራ ሲሰነጠቅ የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ይወጣል፤ ከጎኑ ያለው ዚንክ ለጊዜው ይሟገትለታል እንጂ ዕድሜ ልኩን አይቆምለትም። ሹል ጥርስ ያለው ሮለር ደግሞ ጉብታውን ሲያወጣ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥርሱ ዶልዱሞ እንዳያልቅም፣ እንደ መርፌ እንዳይሾልም አናቱ በልኩ ክብ ተደርጎ መሳል አለበት። ተመራቂዎች፣ በየሳምንቱ ሮለሩን አቁማችሁ በጣታችሁ የምትዳስሱት ይህንን ነው። ቆሞ ሲሆን ነው ታዲያ! በሚሽከረከር ሮለር ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ማጠፊያው ማሽንም ተናገር ተብያለሁ። ለማዕዘን የሚሆን መረብ በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ ብረቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ስለዚህ ማጠፊያው ከ90 አለፍ አድርጎ መጫን አለበት። ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚነግራችሁ የዕለቱ ሙከራ ነው፤ የላሜራው ጥንካሬ ከጥቅል ጥቅል ይለያያልና። ለቅስትና ለጉልላት የሚሆነውን ደግሞ ሦስት ሮለር ያለው ማሽን ያጎብጠዋል፤ የመካከለኛው ሮለር በተጠጋ ቁጥር ቅስቱ ይጠባል። ጉብታ ያለውን መረብ በዚህ ማሽን ስታሳልፉ ሮለሮቹ ጉብታውን መልሰው እንዳይደፈጥጡት ለጉብታው መተላለፊያ ቦይ ያለው ሮለር ተጠቀሙ። የቀረውን አሠልጣኞቻችሁ ከእኔ በተሻለ ነግረዋችኋል።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። የፋብሪካ ባለቤቶች በመካከላችን አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ፣ ሰላምታም ሰጥታችሁኛል። በእያንዳንዱ ማሽን መጨረሻ ላይ የ6 ሚሊ ሜትር ዘንግ በሰንሰለት ታስሮ ይንጠልጠል። ጥቅሉ ሲጀመር፣ ሲጋመስና ሲያልቅ ይለካ። የለካው ሰው ስሙን በጥቅሉ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ቁራጭ ዘንግ ነው። ስለቱ ሲደነዝዝም ማሽኑ ቆሞ ይሳል፤ ቡሎን ማላላት ጥገና አይደለም!

ለሳኞች፣ እናንተም ዘንጉን በኪሳችሁ ያዙ። የማያስገባውን ጥቅል «አልመታም» በሉ፤ «አሠሩኝ» ብላችሁ በኋላ ከምታዝኑ በፊቱ ተጣሉ። ተቆጣጣሪዎችም፣ ልስን ሲወድቅ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ቁራጩ ሳይገለበጥ የማንም ሰው ክፍያ አይታገድ!

የእኚያን ሰው ክፍያ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተከፈላቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም።

በመጨረሻ ለሥልጠናው ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ የሚመረቁት ልጆች መረብ ማውጣት፣ ማጠፍና መጠቅለል ተፈትነዋል። የጉብታውን ቁመት መለካት ግን በተግባር ፈተናው ውስጥ እንደሌለ የፈተናውን ወረቀት አይቼ አረጋግጫለሁ። በሚቀጥለው ዙር ይገባል ወይስ አይገባም? መልሱን በደብዳቤ አልጠብቅም፤ ለሳኞቹም ተመራቂዎቹም እዚሁ ስላሉ ማይክሮፎኑን ለእናንተ እተዋለሁ። አመሰግናለሁ።