ቴራፒስት ጋ የተናገራችሁት ነገር የት ድረስ ይሄዳል?

[ርዕሱ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ከዚያ ተራኪው።]

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርዕሳችን አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የሚከታተል ሰው ምስጢር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሂዱ፣ አሌክሳንድሪያ ሂዱ፣ ሲያትል ሂዱ፣ ያው ነው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ሆዱ ባብቶ፣ ሥራው ላይ ማተኮር አቅቶት "ሐኪም ጋማ ብሄድ ነገ አገር ይሰማል" ብሎ የተቀመጠ ሰው አለ። ይሄ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አይደለም። እዚህ የምንኖረው ተፈላልገን፣ ተጠጋግተን ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ዕድሩም፣ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅም የሚያገናኘን ያንኑ ሰው ነው። ስለዚህ "ማን ያውቅብኛል?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሐኪሙ አፍ አይደለም። የሚያሳስቡኝ ቤት የሚመጣው ፖስታ፣ መሃል የሚገባው አስተርጓሚና ሳናነብ የምንፈርመው ወረቀት ናቸው። ለሦስቱም ሕጉ መብት ሰጥቶናል። ችግሩ፣ እኛ ካልጠየቅን ማንም አስታውሶ አያደርግልንም።

[በስክሪኑ፦ ሂፓ፣ 1996]

መሠረቱ ሂፓ የሚባለው የፌደራል ሕግ ነው። በ1996 ወጣ፤ የሕክምና ምስጢርን የሚመለከተው ደንቡ ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሐኪሙን፣ ክሊኒኩን፣ ሆስፒታሉን፣ ፋርማሲውንና ኢንሹራንሱን ያስገድዳል። ጓደኛችሁን ግን አያስገድድም፤ ጎረቤታችሁንም፣ የንስሐ አባታችሁንም አያስገድድም። ስልካችሁ ላይ የጫናችኋቸው ብዙዎቹ የጭንቀትና የስሜት መከታተያ አፖችም ከሂፓ ውጪ ናቸው። በ2023 የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርኸልፕ የተባለውን የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ብሎ እንደ ፌስቡክና ስናፕቻት ላሉ ኩባንያዎች አሳልፎ ሰጥቷል ሲል ከሶት ነበር፤ ጉዳዩ ያለቀው በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው። አፕ ላይ "ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው" የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ አትዝናኑ።

ወደ ቴራፒስቱ ክፍል እንግባ። እዚያ ስለ እናንተ የሚጻፈው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሕክምና መዝገቡ ነው፤ የሕመሙ ስም፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ የቀጠሮው ሰዓት፣ የሕክምናው ዕቅድ እዚያ ይሰፍራል። ኢንሹራንሱ ለመክፈል ከዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ማየት ይችላል። ሁለተኛው ቴራፒስቱ ለራሱ የሚጽፈው፣ የተነጋገራችሁትን የያዘ፣ ከመዝገቡ ተለይቶ የሚቀመጥ ማስታወሻ ነው። አባታችሁ ያደረሰባችሁን፣ በስደት መንገድ ላይ የገጠማችሁን፣ ለትዳር ጓደኛችሁ እንኳ ያልነገራችሁትን የሚይዘው ይሄኛው ነው፤ ሂፓም ከሌላው ወረቀት ሁሉ አጥብቆ ይጠብቀዋል። እናንተ ለብቻው ካልፈረማችሁ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከቴራፒስቱ እጅ አይወጣም። ኢንሹራንሱም "ማስታወሻውን ካላሳያችሁኝ አልከፍልም" ማለት አይችልም።

መዝገቡን በተመለከተ ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ። ክሊኒኩ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ከዘገየም ምክንያቱን ጽፎ አንዴ ብቻ ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። ስህተት ካያችሁ ይታረም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቴራፒስቱን የግል ማስታወሻ የማየት መብት ግን ሂፓ ለታካሚው አይሰጥም።

[በስክሪኑ፦ የኢንሹራንስ ፖስታ]

አሁን ፖስታው። ቴራፒስት ጋ ሄዳችሁ በኢንሹራንስ ከከፈላችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ ኢኦቢ የሚባል፣ ለሕክምናው ምን እንደተከፈለ ኢንሹራንሱ የሚያስረዳበት ወረቀት ይመጣል። ከላይ "ይህ ቢል አይደለም" ይላል። ከታች የታካሚው ስም፣ የታከመበት ቀን፣ የሐኪሙ ወይም የክሊኒኩ ስምና የተከፈለው ገንዘብ ተዘርዝሯል። ሕጉ እስከ 26 ዓመት ድረስ በወላጅ ኢንሹራንስ መቆየትን ይፈቅዳልና፣ የ22 ዓመት ልጅ በአባቷ ኢንሹራንስ ትታከማለች እንበል። ፖስታው የሚመጣው በአባቷ ስም ነው። አባት ከሥራ ገብቶ ይቀድደዋል። "ይቺ ዶክተር ማን ናት? ምንሽን አሞሽ ነው?" ልጅቷ ያንን ጥያቄ እየፈራች ሦስተኛውን ቀጠሮ ትሰርዛለች። ማንም ሕግ አልጣሰም፣ ምስጢሩ ግን ወጣ።

መከላከያ አለው። በኢንሹራንስ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉና ስለ እኔ የሚላክ ነገር ሁሉ በሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይሌ ይላክልኝ በሉ። ወረቀቱ ቤት መምጣቱ አደጋ ላይ ይጥለኛል ካላችሁ፣ ጥያቄው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ኢንሹራንሱ መቀበል ግዴታው ነው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ከዚህም በላይ ለታካሚው የሚያደላ ሕግ አላቸው። ክሊኒኩ ደግሞ "ለምን?" ብሎ እንኳ መጠየቅ አይችልም፤ ቤት አትደውሉ፣ ድምፅ አትተዉ ካላችሁ አለቀ። ሌላም መንገድ አለ፦ ሙሉውን ከኪሳችሁ ከከፈላችሁና ለኢንሹራንሴ አትንገሩ ካላችሁ፣ ክሊኒኩ ስለዚያ ሕክምና ለኢንሹራንሱ መረጃ መስጠት የለበትም። ውድ ነው፣ ለሁሉም አይሆንም፣ ግን መብት ነው።

[በስክሪኑ፦ አስተርጓሚ በስልክ]

አስተርጓሚው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚነካን ይሄ ነውና። ሐኪሙ ቪዲዮውን ይከፍታል፣ ብቅ የምትለው ሴት እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምታዩዋት ናት። ወይም በስልክ የመጣው ሰው ገና ሰላም ሳትባባሉ "የየት አገር ልጅ ነህ?" ይላል። እዚያው ዝም ይባላል። ሰውየው "ትንሽ ራሴን ያመኛል" ብሎ ይወጣል፤ የመጣበትን ጉዳይ አላነሣም።

አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ክሊኒኩ ያመጣው ሰው ስለሆነ ሂፓ እሱንም ይመለከተዋል። ቢሆንም የምታውቁት ሰው ፊት አልናገርም ማለት ነውር የለውም። "ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ሌላ ቀይሩልኝ" በሉ። ከሌላ ስቴት በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜን አትንገሩት ብላችሁም ጠይቁ፤ ለማስተርጎም ስም አያስፈልግም። ከመንግሥት የጤና ኢንሹራንሶች፣ ማለትም ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ፣ ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። "የሚያስተረጉምልህ ዘመድ ይዘህ ና" ማለት አይችልም። ልጅን በተመለከተማ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ማስተርጎም የለበትም። የእናቱን ድብርት ለሐኪም የሚተረጉም የ11 ዓመት ልጅ ማየት ልብ ይሰብራል፤ ይህን የሚያደርጉ እናቶች ሌላ አማራጭ እንዳለ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ወረቀቱን በአጭሩ ልናገር። መረጃችሁን ለሌላ ለመስጠት የሚያስፈርማችሁ ፎርም ምን እንደሚሰጥ፣ ለማን፣ እስከ መቼ ብሎ መግለጽ አለበት። ባዶ ቦታ ካለው አትፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላም በጽሑፍ መሻር ትችላላችሁ፤ ቀድሞ የወጣውን ግን አይመልስም።

ወላጆች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አላቸው። ልጃቸው 18 ሞልቶት ሆስፒታል ገብቷል፣ ነርሷ "ልነግርዎት አልችልም" ትላለች፣ እናት ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች። ሁለት ነገር ይታወቅ። ልጁ ካልተቃወመ ሐኪሙ በሕክምናው ለምታግዘው እናት የሚያስፈልጋትን ያህል መንገር ይችላል፤ ልጁ ራሱን መወሰን በማይችልበት ሁኔታ ላይ ካለም ለእሱ የሚበጀውን አመዛዝኖ ሊነግራት ይችላል። ሁለተኛ፣ መናገር ቢከለከል እንኳ መስማት አልተከለከለም። "ልጄ አራት ቀን አልተኛም፣ መድኃኒቱን አቁሟል፣ ባለፈው ዓመትም እንዲህ ጀምሮት ነበር" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ያ ሕይወት ሊያድን ይችላል፤ ሂፓም አይከለክለውም።

ምስጢሩ ወሰን አለው፣ ይሄንን መደበቅ አልፈልግም። በራሳችሁ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድና የቀረበ አደጋ ካለ፣ ልጅ ላይ በደል መድረሱ ከተጠረጠረ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ባለሙያው ሊናገር ይችላል፤ አንዳንዴም ግዴታ አለበት። ዝርዝሩ በየስቴቱ ይለያያል። ግን "መኖር ሰልችቶኛል" ማለትና ዛሬ ማታ ለማድረግ መዘጋጀት አንድ አይደሉም፤ ቴራፒስቶች ይህን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን "በምን ሁኔታ ነው ለሌላ የምትናገሩት?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ቴራፒስት ደስ ብሎት ያስረዳችኋል።

[በስክሪኑ፦ ቅሬታ፣ 180 ቀን]

መብታችሁ ከተጣሰ ቅሬታ የሚቀርበው በፌደራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሥር ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ ነው። በነፃ ነው፣ በኦንላይንም በፖስታም ይቻላል። ጥሰቱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ ጊዜ 180 ቀን ነው። ሂፓን ጠቅሶ በቀጥታ ካሣ መክሰስ አይቻልም፤ በስቴት ሕግ የሚቻልበት መንገድ ሊኖር ስለሚችል ጠበቃ ጠይቁ። የሆነውን ነገር ቀኑን፣ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ክፍል እንደነበራችሁ በዚያው ዕለት በአማርኛም ቢሆን ጻፉት። ቅሬታ በማቅረባችሁ ክሊኒኩ ሊበቀላችሁ አይፈቀድለትም።