«ካርቦን ነው» ብቻ አይበቃኝም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ነው፣ ፋርማሲስት ነኝ። ግራፊን (በጣም ስስ የካርቦን ንጣፍ) አለበት ስለሚባል ማስክ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «ካርቦን እኮ ከሰል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይህ ያሳስበኛል።

በሕክምና የምናውቀው ከሰል አለ፣ አክቲቬትድ ቻርኮል። ለአንዳንድ መመረዝ፣ ቶሎ ከተደረሰ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይሰጣል። መርዙን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ራሱ ደም ውስጥ አይገባም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል። (በረኪና ለጠጣ ሰው ግን አይሆንም፤ እባካችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።)

የግራፊን ዘመድ የሆነው ናኖቲዩብም ካርቦን ነው። ግን እንደ ቱቦ የተጠቀለለ፣ ከፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ ነው። ተመራማሪዎች የካንሰር መድኃኒት ተሸክሞ ዕጢው ድረስ እንዲያደርስ ይሞክሩታል። ተስፋው እውነተኛ ነው። ችግሩ ረጅምና ግትር የሆነው ዓይነት በትንፋሽ ሲገባ ነው። ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች አሉን። ክሩ ከእነሱ ከረዘመ ውጠው መጨረስ ያቅታቸዋል፤ እዚያው ይቀርና ሰውነት ይቆጣል። ለሕንፃ ሥራ ይውል የነበረው ክራማ ማዕድን፣ አስቤስቶስም፣ የሚጎዳው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአይጥ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፤ እዚያ ግን ናኖቲዩቡ የገባው በትንፋሽ ሳይሆን በመርፌ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነበር። በ2014 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት ማለትም ኤምደብሊውሲኤንቲ-7ን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት መደበው። አንዱን ነው፣ ሁሉንም አይደለም። ቅርጹና ርዝመቱ፣ የሚገባበትም መንገድ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

ወደ ማስኩ ልመለስ። በ2021 ካናዳ ግራፊን ያለባቸውን ማስኮች አትጠቀሙ ብላ አስጠነቀቀች፤ ከዚያ መርምራ አንዳንዶቹን ፈቀደች። እንዲህ ያለ አሠራር ደስ ይለኛል። በ2024 ደግሞ 14 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በጣም ስስ የሆነ፣ የተጣራ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን ያለበት የግራፊን ዓይነት) በጥንቃቄ ተነፈሱ። በሳንባቸውም በደም ግፊታቸውም ላይ ወዲያው የታየ ጉዳት አልነበረም። ትልቅ ነገር ነው! ግን የሰዓታት ክትትል ነው። የተፈተነውም የተጣራው ነው።

ስለዚህ አስመጪው ይህን ጥናት ይዞ ቢመጣ የምጠይቀው አለኝ። ያንተ ግራፊን ያ ነው ወይ? ማስኩ ሲታጠፍና ሲታሽ ብናኝ ይለቃል ወይ? የምርመራ ወረቀቱን እስካላየሁ ድረስ መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጠውም።