ከደቡብ አድማስ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ኮከብ ነው። አንድ ያልኩት ለጊዜው ነው፤ ቆይቼ አርመዋለሁ።

አልፋ ሴንታውሪ ይባላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው የከዋክብት ቤተሰብ ይሄ ነው። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 4 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ይፈጅበታል። «የደቡብ ሰማይ ኮከብ» ስለሚባል ብዙ ሰው አውስትራሊያ ወይም ቺሊ ካልሄደ የማያየው ይመስለዋል። ይሄ አባባል አይጥመኝም፤ የራሳችንን ሰማይ ነው የሚያስረሳን። ከአዲስ አበባ ይታያል፣ ከጎንደርም ከመቀሌም ይታያል። ዋሽንግተን ወይም ኢየሩሳሌም ሆናችሁ ለምትሰሙኝ ግን ከአድማስ በላይ ጭራሽ አይወጣም። ዱባይ ላላችሁት 4 ዲግሪ ያህል ብቅ ይልና ጭጋግና መብራት ይውጠዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ90 ላይ የምትኖሩበትን ቦታ ሰሜናዊ ኬክሮስ ቀንሱ፣ ከዚያ 61 ቀንሱ። የተረፈው ኮከቡ በደቡብ በኩል የሚደርስበት ትልቁ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች 20 ይደርሳል። አርባ ምንጭ 23፣ መቀሌ 15 ተኩል ገደማ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት እጅ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ነው። ይሄ እንግዲህ ከፊታችሁ ሕንፃ ወይም ተራራ ከሌለ ነው። እንጦጦ መውጣት ለዚህ ኮከብ አይበጅም። እንጦጦ ከከተማው በስተ ሰሜን ነው፤ ወደ ደቡብ ስታዩ የአዲስ አበባ መብራት በሙሉ ከኮከቡ ሥር ይነጠፍላችኋል። ከተማውን ከጀርባችሁ አድርጉ።

ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ልንገራችሁ። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሚያዝያ 7 ገደማ 7 ሰዓት ተኩል፣ ግንቦት 7 ገደማ 5 ሰዓት ተኩል፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ 4 ሰዓት። በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ሰኔ ሲገባ ሰዓቱ ይመቻል፣ ደመናው ግን አያስጠጋም። አዲስ አበባ ላይ ከ15 ዲግሪ በላይ የሚቆየው 4 ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ ከጫፉ ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ያለውን ተጠቀሙበት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በሚውል ፋሲካ፣ ቅዳሴ ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጋደል ብሎ ታገኙታላችሁ። ፋሲካ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ስለሚውል ሰማዩ ብርሃን ነው፤ ለዚህ ኮከብ ግን ጨረቃ ምንም አትከለክለውም።

አፈላለጉ፦ አርክቱሩስ የሚባለው ብርቱካናማ ደማቅ ኮከብ አናታችሁ ላይ ሊደርስ ሲቃረብ ፊታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ አዙሩ። ዝቅ ብለው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ደማቆች አሉ፣ መካከላቸው ከ4 ዲግሪ ተኩል አይበልጥም። በስተ ግራ ያለው አልፋ፣ በስተ ቀኝ ያለው ቤታ ነው፤ ከቤታ ወደ ቀኝ የደቡብ መስቀል አለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከእውነተኛው መስቀል ቀድሞ የሚወጣ፣ ሰፋ ያለና ደብዘዝ ያለ ሐሰተኛ መስቀል አለ። እሱ እነዚህ ሁለት ጠቋሚዎች የሉትም።

አሁን እርማቱ። እ.ኤ.አ. በ1689 ዣን ሪሾ የሚባል ኢየሱሳዊ ቄስ ህንድ፣ ፖንዲቼሪ ላይ ጅራታም ኮከብ ሲያይ ቴሌስኮፑ ይሄን ኮከብ ሁለት አድርጎ አሳየው። ትልቁ ከፀሐያችን ጥቂት የሚከብድ ቢጫ ነው፣ ትንሹ ደግሞ ብርቱካንማ ይላል፣ ድምቀቱም ከትልቁ በሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ያንሳል። በ80 ዓመት አንዴ ይዞራሉ። እርስ በርስ ያላቸው ርቀት አሁን ከፀሐይ እስከ ዩራኑስ ያህል ነው። ያን የሚያህል ስፋት በዓይን ሌንስ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነች ክፍተት ሆኖ ማየት፣ ለእኔ ርቀት ምን እንደሆነ ከየትኛውም ቁጥር በላይ ያስረዳኛል።

ክፍተቷ እ.ኤ.አ. በ2026 ከ9 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ትንሽ ትበልጣለች። በባይኖኩላር አትለይም፣ ብልጭታው ያዋህዳቸዋል። 60 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ርካሽ ቴሌስኮፕ ግን ይበቃል። የቴሌስኮፑን የትኩረት ርዝመት በዓይን ሌንሱ ቁጥር ስታካፍሉ ማጉያውን ታገኛላችሁ፤ 700 በ10 ሲካፈል 70 እጥፍ ነው፣ ለዚህ ሥራ ደህና ነው። 200 እጥፍ የሚለውን የካርቶን ማስታወቂያ እርሱት፤ በዚህ ከፍታ የሚያጎላው የአየሩን መንቀጥቀጥ ነው።

ካልተለየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ቴሌስኮፑ ከሞቀ ቤት እንደወጣ ከታየበት ውስጡ ያለው አየር ይፈላል፤ ቢያንስ 45 ደቂቃ ውጭ ይቀመጥ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሻግራችሁ የምታዩ ከሆነ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ወደ ላይ እየለቀቀ ነው፣ ቦታ ቀይሩ። ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ዝቅ ባለ ኮከብ ላይ አየሩ እንደ ፕሪዝም ሆኖ ብርሃኑን ቁልቁል ይዘረጋዋል፣ ከላይ ሰማያዊ ከታች ቀይ። ሁለተኛው ኮከብ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ከመጀመሪያው በስተ ሰሜን፣ ማለትም ኮከቡ ጫፍ ሲደርስ በላዩ ስለሚሆን የብርሃኑ መዘርጋት በዚያው መስመር ላይ ይውላል። ቢጫ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ኮከቡም ጫፉ ላይ እስኪደርስ ታገሱ። ብዙ ቴሌስኮፖች ምስሉን እንደሚገለብጡት አትርሱ፣ «ላይ» ያልኩት ታች ሊሆን ይችላል።

ይሄን ለከርሞ አቆያለሁ ለምትሉ፦ ክፍተቷ እ.ኤ.አ. በ2029 እስከ 10.3 አርክሰከንድ ትደርስና መጥበብ ትጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ2037 መጨረሻ 1.7 ብቻ ትሆናለች፣ ከዚህ ከፍታ በትንሽ ቴሌስኮፕ የማይሞከር። እንደገና ሰፍታ 22 የምትሆነው እ.ኤ.አ. በ2056 ነው።

ሦስተኛውም አለ። ፕሮክሲማን እ.ኤ.አ. በ1915 ሮበርት ኢኔስ ጆሃንስበርግ ላይ አገኘው። ከሁለቱ 2 ዲግሪ ከሩብ ያህል ርቆ የሚገኝ ደብዛዛ ቀይ ኮከብ ነው፣ ማግኒቲውዱ (የድምቀት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ኮከቡ ይደበዝዛል) 11። ከፀሐይ ውጭ ካሉት ከዋክብት ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ሆኖ ሳለ በዓይን አይታይም። ለእሱ 150 ሚሊሜትር መስተዋት፣ ጨረቃ የሌለበት ሌሊትና ከከተማ መራቅ ያስፈልጋል። ካርታችሁ የከዋክብቱን ቦታ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደነበረ የሚያሳይ ከሆነ ምልክቱ ላይ ባዶ ቦታ ታያላችሁ። ኮከቡ በዓመት 3.85 አርክሰከንድ ስለሚጓዝ ከዚያ ወዲህ ከ90 አርክሰከንድ በላይ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽም ወደ ሰሜን ጋደል ብሎ ሄዷል፤ እዚያ ፈልጉት።